ፊቴን የተዋሰው ዶክተር

ለታላቅ እህቴ፣ ለሁለተኛዋ እናቴ፤

እታለም፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ ደረጃ ስትወጪ አሁንም “ወይኔ” እያልሽ ነው? ካርድ ክፍሉስ እንዴት ነው፤ ያ አቧራው የማያልቅ መደርደሪያ ዛሬም ያስነጥስሻል? እማማ ደህና ናት? ጆሮዋ ዳነላት ወይስ እንደ ድሮው የምትፈልገውን ብቻ ነው የምትሰማው? ሚጢጢስ የፊት ጥርሶቿ በቀሉላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም።

በድምፅ የላክሽልኝን መልእክት ደጋግሜ ሰማሁት። ሳቅ ሳቅ ይልሽ ነበር። ባለቤትሽ ካረፈ ወዲህ እንዲያ ስትሆኚ ሰምቼሽ ስለማላውቅ መጀመሪያ ደስ አለኝ። በመተዋወቂያው ድረ ገጽ ስላገኘሽው መሐንዲስ የነገርሽኝን ሁሉ አዳመጥኩ። ጠዋት ጠዋት እንዴት አደርሽ እንደሚልሽ፣ ሥራው በረሃ ላይ ስለሆነ በምስል መደወል እንደማይችል፣ የመታወቂያሽን ቅጂ እንደጠየቀሽም ነገርሽኝ። መጨረሻ ላይ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ ለጊዜው በሁለታችን መካከል ይቆይ ስላለኝ ለእማማ እንዳትነግርብኝ አልሽ። ይኼኔ ልቤ ስንጥቅ አለ። ምክንያቱን በስልክ ብነግርሽ ሳልጨርስ ትቆጪኛለሽ። ስለዚህ ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና፣ በቅርቡ እዚህ የደረሰብኝን ልጻፍልሽ።

እንደምታውቂው በመነጽር ቤቱ የእኔ ሥራ ከጓዳ ነው፤ መስተዋቱን በፍሬሙ ልክ እሞርዳለሁ። ብናኙ ልብስ ስለሚያበላሽ ነጭ ጋውን እለብሳለሁ። እትዬ የምንላቸው አሠሪያችን አንድ ቀን በጋውኑ ፎቶ አንሥተው በሱቁ የኢንተርኔት ገጽ ላይ ለጠፉኝ። እኔም አማረብኝ ብዬ ረሳሁት።

ባለፈው ወር ታዲያ የተሠራ መነጽር ይዤ ከጓዳ ብቅ ስል፣ አንቺን በዕድሜ የምታህል ሴትዮ በሩ ላይ ቆማለች። ጸጉሯን ተሠርታ፣ ለሠርግ የጠሯት ይመስል ለብሳለች። ምን ልታዘዝ አልኳት፤ ፊቴን ትክ ብላ ታያለች። “አላወቅኸኝም?” አለችኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መነጽር ሠርቼልዎት ይሆን ብላት፣ ዓይኗ እንባ ሞላና “እኔ እኮ ነኝ” አለች። ዓይን የሚለካው ባልደረባዬ ጎሮሮውን እየጠረገ ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ምን ጉድ ሠርቶ ነው ብሎኝ ነው።

እትዬ በሩን ገጠም አድርገው አስቀመጧትና ውኃ ሰጧት። ነገሩ ቀስ በቀስ ወጣ። ሴትዮዋ በሕፃናት መዋያ ሞግዚት ናት፣ ብቻዋን ነው የምትኖረው። በመተዋወቂያ ድረ ገጽ ላይ ያገኘችው ሰውዬ መርከብ ላይ የሚሠራ ቀዶ ሐኪም ነኝ፣ ሚስቴም ሞታብኛለች ብሏታል። ያሳያት ፊት የእኔ ነው። ወራት ሙሉ ምላሱን ማር አድርጎ ሲያናግራት ከርሞ፣ የላክሁልሽ ዕቃ ተይዟልና ማስለቀቂያ ላኪ አላት፤ ላከች። ከዚያ በኋላ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ደግማ ላከች። በመጨረሻ ሌሎች ሰዎች የሚልኩትን ገንዘብ በአንቺ ሒሳብ ተቀበይልኝ ሲላት ፈራችና ለእህቷ ልጅ ነገረቻት። ልጅቷ ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ ስትፈልገው የእኛን ሱቅ አገኘች።

“ታዲያ አታላይ መሆኑን ካወቁ ለምን መጡ?” አሉ እትዬ። ሴትዮዋ አንገቷን ደፍታ፣ ምናልባት እሱ ራሱ ይሆናል፣ ሐኪም ነኝ ያለኝም በሥራው አፍሮ ይሆናል ብዬ ነው፤ እኔ እኮ መነጽር ሠሪም ቢሆን አልጠላውም ነበር አለች። እታለም፣ ይህን ስትል የምገባበት ጠፋኝ። ያላደረግሁትን ነገር ፊቴ ሠርቶት መጣ።

ስልኳን አውጥታ አጠገቤ እንደተቀመጠች ጻፈችለት፤ የት ነህ አለችው። ወዲያው መለሰ። “የኔ እመቤት፣ ቀዶ ጥገና ላይ ነኝ” ይላል። እኔ የመስተዋት መጥረጊያ ጨርቅ ይዤ አጠገቧ አለሁ! ባልደረባዬ መጀመሪያ በሳቅ ፈነዳ፣ እትዬ ተከተሉ፣ በመጨረሻ እሷም ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ወደ ልቅሶ ዞረ።

ልትሰድበው ስትል የእህቷ ልጅ በስልክ ከለከለቻት። አትጨቃጨቂው፣ የጻፈልሽን ሁሉ አስቀምጪና ዝጊው አለቻት። እትዬ ሱቁን ለእኛ ትተው ባንክም ፖሊስ ጣቢያም አብረዋት ሄዱ። የሄደው ገንዘብ እስካሁን አልተመለሰም። ሒሳቧ ግን የሌላ ሰው እንባ ማለፊያ ከመሆን ተርፏል። ለድረ ገጹም አመለከትን፤ የዶክተሩን ገጽ አጠፉት። ሰሞኑን ደግሞ በዚሁ ፊቴ ሌላ ድረ ገጽ ላይ ፓይለት ሆኛለሁ አሉ። ዕድገት ነው መቼም!

ሴትዮዋ አሁን ደንበኛችን ናት። ባለፈው መነጽሯን ልትወስድ መጥታ ምን እንዳለችኝ ልንገርሽ? ከገንዘቡ ይልቅ የከበደኝ ጠዋት ነው፤ ስነቃ ስልኬን አነሣና እንዴት አደርሽ የሚለኝ እንደሌለ ትዝ ይለኛል አለች።

ስለዚህ እታለም፣ የምታናግሪው ሰው መፈለግሽ ነውር የለበትም፤ ለሰውዬው ክፉም አልመኝለትም። እውነተኛ ሰው ከሆነ ፊቱን በምስል ለማሳየት አምስት ደቂቃ አያጣም። ቢያጣ እንኳ አንድ ቀን ከተማ ይወጣል። እስከዚያ መታወቂያሽን እንዳትልኪለት፤ ገንዘብ ከጠየቀሽማ፣ የታመመ ልጅ አለኝ ቢልሽም፣ እጅሽን ሰብስቢ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ፎቶውን ላኪልኝና እኔም ባልደረባዬም እንፈልገው። ልገናኝሽ ካለም በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ ይሁን፤ ሹፌሩ ወንድማችንም ከወዲያ ጠረጴዛ ጋዜጣ ያንብብ። ይህን ሁሉ ካለፈ እኔው ደውዬ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፤ ሠርግሽ ላይም ወገቤ እስኪቆረጥ እጨፍራለሁ። የጠረጠርኩት ከእማማ የሚያስደብቅሽ ስለሆነ ነው። ለወዳጅነት የመጣ ሰው ዘመድሽን አይሸሽም።

ሹፌሩን ወንድማችንን ሰላም በይልኝ፤ ቀስ ብሎ ይንዳ። ሚጢጢን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳሚልኝ። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን፣ የላኩልኝ ሱሪ ልክክ አለልኝ በያቸው። እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ከሳምሻት በኋላ አጠገቧ ቁጭ በይና ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለሽ አንብቢላት፤ ምንም መስመር እንዳትዘዪ። ያልሰማች ብትመስልሽ እንኳ አታቋርጪ፤ ትሰማሻለች።

የምወድሽ ታናሽ ወንድምሽ

ከመነጽር ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሰኔ ፲፩ ቀን