ሳላውቃት ያባረርኳት እንግዳ

ኅዳር ፲፪ ቀን፣ ኮንጋ

ብዕሩን የያዘችው ምራቴ አስቴር ናት፤ ቃሉ የእኔ ነው።

ዛሬ ከዲላ አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት መጣች። ደብተር መያዟን ሳይ፣ «ዛፉን ቁረጥ፣ ቡናው ፀሐይ ያግኝ ልትይ ነው? ሂጂ!» ብዬ ከደጅ መለስኳት። ድሮ አንዱ የግብርና ባለሙያ ደብተር ይዞ መጥቶ እንደዚያ ብሎኝ ነበር።

«አባቴ፣ የትኛው ዛፍ ለቡና ጥላ እንደሚበጅ ከእርስዎ ልማር ነበር የመጣሁት። ይሄ ቅድመ ግምት ነው» አለችና ውኃ እንኳ ሳትቀምስ ሄደች።

ቃሉ አልገባኝም፤ አስቴርን ጠየቅኋት።

«ሰውን ሳያውቁት፣ እንዲህ ነው ብሎ አስቀድሞ መጨረስ ነው፣ አባባ።»

«ስድብ ነው?»

«የተሳደቡትስ እርስዎ ነዎት» አለችኝ። ደፋር ናት።

እኔ እኮ ቡናን እንኳ ውኃ ውስጥ ጨምሬ መንሳፈፉን ሳላይ አይረባም ብዬ አልጥልም። ስለ ዛፎቼ የሚጠይቀኝ ሰው ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቅ ኖሬ፣ ስትመጣ አባረርኳት። አጥፍቻለሁ፤ ይህንንም ጻፊ። ነገ ዲላ ወርጄ እፈልጋታለሁ። እሺ ትበለኝ አትበለኝ አላውቅም።

በይ አሁን አንብቢልኝ። «አጥፍቻለሁ» ያልኩበት ጋ ስትደርሺ ግን ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፤ ጎረቤት ይሰማል።