ሰዓቱ ሳይደርስ የተጻፈ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጣ እንደሚያምህ ልጅህ ነግራኛለች፤ ሐኪም ዘንድ እንዳልሄድክም ሳልጠይቅ አውቃለሁ፣ ፀባይህ ነዋ። ባለቤትህስ? ልጆቹስ? እኔ ከዓይኔ መድከም በቀር ጤናዬ ደኅና ነው። ልቤ ግን ደኅና አይደለም።

በስልክ የለመንከኝን አላደረግሁም። የልጅህን የልምምድ መዝገብ አልፈረምኩም፤ ስለዚህ ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም። «የገዛ ወንድምሽን ልጅ!» ብለህ ስለዘጋህብኝ ምክንያቱን በጽሑፍ ስማኝ።

አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ነርሷ በየሩብ ሰዓቱ የደም ግፊቷን ትለካለች፤ ሆዷን ዳስሳ ማሕፀኗ መጠንከሩን ታረጋግጣለች፤ ብርድ ልብሱን ገልጣ የሚፈሰውን ደም ታያለች፤ የሕፃኑንም ትንፋሽና ሙቀት ትመለከታለች። የምትጽፈው ከዚያ በኋላ ነው። ተማሪዎቼን ይህን እስኪሰለቻቸው አስተምሬአቸዋለሁ። ከኋላዬ «እሜቴ ሩብ ሰዓት» እንደሚሉኝም አውቃለሁ፤ ይበሉኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ወደ ማዋለጃው ክፍል ገባሁ። የግድግዳው ሰዓት አራት ተኩል ይላል። ልጅህ መስኮቱ ሥር ቆማ ከጓደኛዋ ጋር ትሳሳቃለች። የምትጠብቃት ሴት ከወለደች ገና አንድ ሰዓት አልሞላትም። ወረቀቷን ባነሣው የአራት ሰዓት ከአርባ አምስቱም፣ የአምስት ሰዓቱም የደም ግፊት በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሕፈቷ ሰፍሯል! ሁሉም ቁጥር ደኅና ነው። ብርድ ልብሱን ስገልጠው አንሶላው በደም ርሷል። ሕፃኑ ደረቷ ላይ ተኝቷል፤ የእሷ ከንፈር አመድ መስሏል። ሆዷን እያሸሁ ተጣራሁ፤ አዋላጇ መርፌ ይዛ ሮጣ መጣች፤ ደሙ ቆመ። በአራተኛው ቀን ልጇን ታቅፋ ወደ ቤቷ ሄደች።

ልጅህ ምን አለችኝ መሰለህ? «እትዬ፣ ደክሟት ተኝታ ነበር፤ መቀስቀሱ አሳዘነኝ።» ሥራ ላይ ሲስተር ነበር የምትለኝ፤ ያን ዕለት አክስትነቴ ትዝ አላት። ማዘኗ እውነት ነው፣ ክፋት የለባትም። ግን ከመስኮት ሥር ሆነው ሲያዩአቸው፣ የተኛች ሴትና ደሟ እያለቀ ያለች ሴት አይለዩም።

የማሠልጠኛው ዲን ደግሞ ቢሮው አስጠርቶኝ «ሲስተር፣ ሴትየዋ ድናለች አይደል እንዴ? ሁሉም እንዲህ ነው የሚሞሉት፤ ነገር የሚያከርሩት እርስዎ ብቻ ነዎት» አለኝ። የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ሁሉም! እኔስ እስከ ዛሬ የስንቷን ወረቀት አምኜ ፈርሜያለሁ?

ከሰኞ ጀምሮ ለሦስት ወር ማዋለጃው ክፍል ከእኔ ጋር ትገባለች። እኔው ቤት እየኖረች አኩርፋለች፤ ገበታ ላይ ጨው ስትፈልግ ተንጠራርታ ታነሣለች እንጂ አቀብዪኝ አትልም። ይሁን። አንተም በእኔ ተቆጣ፤ ለእሷ እየደወልክ ግን «አክስትሽ ጨካኝ ናት» እያልክ አታባብላት።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክክ ብሎልኛል። ትልቁን ልጅህን አደራ፣ ሲጋራውን ይተው። ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ። ምራትህንም እንዲሁ፤ ወሯ መግባቱን ሰምቻለሁ። ወልዳ ስትተኛ አልጋዋ አጠገብ እንዴት ያለች ነርስ እንድትቀመጥላት እንደምትፈልግ አስብና፣ ከዚያ ደውልልኝ።

እህትህ
ከነርሶች ማሠልጠኛው ግቢ
ኅዳር 14 ቀን