ጠረጴዛው ላይ ያላስቀመጥኩት ዕቃ

ሐሙስ፣ ሰኔ 12 ቀን

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ወገብሽስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ አልኩ እንጂ… እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ አላውቅም። ቀንቻለሁ። ይኸው ጻፍኩት።

አባዬ ያቺን አሮጌ ሚኒባስ ጋራዥ ውስጥ ሲያንኳኳት ከርሞ ቤት አድርጓታል። አልጋም መጋረጃም አላት። ትምህርት ሲዘጋ ሁላችንንም ይዛን ትሄዳለች፤ መንገዱ በአንቺ ከተማ በኩል ነው። የቀራት ኢንቨርተር ብቻ ነው፣ የባትሪውን ኃይል የቤት ዕቃ እንዲሠራበት የሚቀይረው ሳጥን። አባዬ የትኛው እንደሚበቃን ለማወቅ፣ "መንገድ ላይ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ዕቃ የሚፈልግ ሁሉ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥ፤ ደምሬ እገዛለሁ" አለ።

እሱ ሬዲዮኑን አስቀመጠ። ባለቤቱ ማራገቢያ፣ ልጇ ደግሞ ፀጉር ማድረቂያዋን አመጡ። "አንቺስ?" ሲለኝ "ምንም" አልኩት። ታውቂኝ የለ፣ ሰው ፊት ምላሴ ይተሳሰራል።

ዛሬ ሱቅ ሄድን። ሻጩ ዕቃዎቹ የሚፈልጉትን ዋት ሲደምር ቆይቶ ራሱን ያዘ። "ጋሼ፣ ፀጉር ማድረቂያውን ቢተዉት ትንሹ ይበቃዎታል። እሱ ብቻውን ሌላውን ሁሉ ያስከነዳል። ትልቁን ከወሰዱ ሁለተኛ ባትሪ ግድ ነው" አለው። አባዬ ስቆ፣ "ታዲያ ልጄ ፀጉሯን በምን ታድርቅ? በጭስ ማውጫው?" አለ።

ልጄ ሲል እኔን መስሎኝ ቀና አልኩ። የእኔ ፀጉር እኮ አጭር ነው።

እሷ ክንዱ ላይ ተንጠልጥላ፣ "አባዬ፣ አንተ እኮ አንደኛ ነህ!" አለችው። አባዬ! ማን ፈቀደላት?

ትልቁን ነገ መጥቶ ሊወስድ ከሻጩ ጋር ተስማምቶ ቤት ስንመለስ ለሁለተኛው ባትሪ ቦታ ተፈለገ። አባዬ ከመቀመጫዬ ኋላ ያለውን ጥግ አሳየ። ጥጉን ቀለም የቀባሁት እኔ ነኝ፤ "ያንቺ ነው" ብሎኝም ነበር። አሁን ግን "አንቺ መቼም የምታስቀምጪበት ዕቃ የለሽም" አለኝ፣ ክፉ ሳያስብ። ያንገበገበኝም ክፉ አለማሰቡ ነው።

እማዬ፣ ያንን ጥግ የለካሁት በስፌት ማሽንሽ ነው። ከሄድሽ ጀምሮ አልጋዬ ሥር ነው። አባዬ ያውቃል፤ ክፍሌን ሲጠርግ ዙሪያውን ይጠርጋል እንጂ አይነካውም። ቅድም ገልብጬ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ዋት አየሁ። ብዙ አይፈልግም፤ ለሬዲዮውም፣ ለማራገቢያውም፣ ለእሱም ትንሹ ኢንቨርተር ይበቃል። የማይበቃው ለእሷ ብቻ ነው።

ፈጣሪ ጤናሽን ይጠብቅልኝ። በእጅ መስፋቱ ዓይንሽን እንዳይጎዳው ብርሃን ባለበት ተቀመጪ።

አባዬ ኢንቨርተሩን የሚገዛው ነገ ከሰዓት ነው። ነገ ቁርስ ላይ፣ ሁሉም ባሉበት፣ ማሽንሽን አውጥቼ ከፀጉር ማድረቂያው አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። "የኔ ዕቃ ይሄ ነው፣ ደምረው" እለዋለሁ። እስከ የት እንደምወስደው ከጠየቀኝም መልሱን ለብቻዬ ስለማመደው ነው ያመሸሁት። ቤትሽ ጠባብ መሆኑን ጽፈሽልኝ ነበር፤ ለማሽኑ ቦታ ስታዘጋጂ ግን ጥጉን ለአንድ ፍራሽም እንዲበቃ ትንሽ ሰፋ አድርጊው።

አንዲቷ ልጅሽ