የተሰረዘው ግዴታ

ዛሬ መጋቢት ፲፩ ቀን ፲፱፻፺፰ ዓ.ም.፣ በዐቢይ ጾም፣ እኔ እናኑ ገነነ በፍኖተ ሰላም ከተማ በመኖሪያ ቤቴ ታምሜ ተኝቼ፣ ሰውነቴ ቢደክምም አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ቃል በምስክሮች ፊት ለመምህር ያለው አስጽፋለሁ። ልቤ ግን አላረፈም፤ እርሱንም ጻፈው።

ይህ ቤት ከነግቢው ለሴት ልጄ ለባንቺአየሁ ይሁን። ቡሬ ላይ በሰው ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ወንድሟ ይታገሱ ይህን አይወድም፤ ምክንያቱም ይታወቅ። መድኃኒቱን በወተት ውሰጂ ተብዬ ሳለ፣ እርሱ በጾም ላም አላልብም አለ። እርሷ መጥታ አለበች፤ ቀና አድርጋ አጠጣችኝ። የንስሐ አባቴ ቄስ ሐብቴ ለሕመምተኛ ተፈቅዷል ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን እያለቀስሁ ጠጣሁ። ጾም ገድፌ አላውቅማ! እግዚአብሔር ፊቱን ያዞርብኛል ብዬ ስፈራ፣ ደኅና እንቅልፍ ወሰደኝ። ታዲያ እስከ ዛሬ የወደደኝ ስለ ጾምሁ አልነበረም ማለት ነው? ይህ ሐሳብ ያባንነኛል።

ይህን ሳስጽፍ ይታገሱ፣ «እማ፣ ባንቺአየሁ እንደሁ ረቡዕና ዓርብን አታውቅ። ጾም ከጠበቀች ትውረስ፣ አለዚያ ይቅርባት በይ እንጅ» አለኝ። ፈራሁና ይጻፍ አልሁ። ተጻፈ።

ተጽፎም አላስቀመጠኝም። ይታገሱን «ድስቷን እየከፈተ የሚያይ ማነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እኔ ነኛ!» አለ። በልጄ ጓዳ ዘበኛ አቁሜ መሞት አልሻም። ያለው፣ ሰርዘው። አባ፣ አጠፋሁ እንዴ?

«ያሰርዙት፣ እመት እናኑ። ጾም እንዲህ አይጠበቅም» አሉኝ ቄስ ሐብቴ፣ ከራስጌዬ እንደ ተቀመጡ። በስርዙም ላይ አውራ ጣቴን አሳርፌያለሁ። ቤቱ ያለ አንዳች ግዴታ የእርሷ ነው።

ይታገሱ ተቆጥቶ ሊወጣ ተነሣ። ቆይ፣ የአንተንም ስማ። ሁለቱ በሬዎቼ ከነቀንበራቸው ለይታገሱ ይሁኑ።

«ስላረስሁልሽ ነው?» አለኝ፣ በሩን እንደ ያዘ።

አይደለም። ማረስህን አመሰግናለሁ፤ የምሰጥህ ግን ለድካምህ ዋጋ አይደለም። አንድ ትልም ባታርስልኝም የአንተ ነበሩ። ይታገሱ አልወጣም። መለስ ብሎ ከእግሬ ሥር ተቀመጠ። ይህንንም ጻፈው።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ የእኔው ነው።

የተናዛዥ የእናኑ ገነነ የአውራ ጣት አሻራ

ምስክሮች፦ ቄስ ሐብቴ ይግዛው (ፊርማ)
ወ/ሮ ሸጋዬ አድማሱ (አሻራ)
አቶ ቢሆነኝ ውቤ (ፊርማ)
ጸሐፊና ምስክር፦ መምህር ያለው ታረቀኝ (ፊርማ)