እሑድ የተፈለጠው ማገዶ

ወንድሜ ቪብረን፣ ሰላምታዬን ከማስቀደሜ በፊት አንድ ነገር እወቅልኝ፤ ሜየር ድሩከርና ሚስቱ ሮስየ ከዚህ ቤት አይወጡም። ይህን ካወቅህ በኋላ የቀረውን ረጋ ብለህ አንብበው።

እንዴት ከርመሃል? ያ ወገብህስ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ኤልስከ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን። እናታችን ጆሮዋ ቢደክምም ምላሷ እንደ ድሮው ነው፤ ደብዳቤህን ጮክ ብዬ ሳነብላት፣ «ይህን የጻፈው የወለድኩት ልጅ ነው ወይስ ጎረቤቱ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ጦርነቱ አልቋል፤ አይሁዶቹም ወደ ቤታቸው ይግቡ፤ የአባታችን ቤት ግማሹ የእኔ ነውና ይሸጥ» ብለሃል። ግማሹ ያንተ መሆኑን አልካድኩም። ግን ወዴት ይግቡ? ነጻ በወጣን በወሩ ሁለቱን ይዤ ሌዋርደን ከተማ፣ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ነበር። ሮስየ በገዛ እጇ የሰፋችው መጋረጃ በመስኮቱ ላይ ተሰቅሏል። በሩን የከፈተችው የማናውቃት ሴት፣ «እኛ እኮ አትመለሱም ብለን ነው» አለችና መልሳ ዘጋችው። ሜየርን መቼም አልረሳኸውም፤ የትምህርት ቤቴን መጻሕፍት ሲጠርዝልኝ የኖረው፣ አንተ ወደ አሜሪካ ስትሄድም ሣጥንህን ተሸክሞ የሸኘህ ሰው ነው።

የእኛን እሑድ ግን ረስተኸው ይሆናል። ድንቹ ቅዳሜ ተልጦ ያድራል፤ ጫማው ቅዳሜ ይቦረሻል፤ እሑድ መርፌ እንኳ የሚያነሳ የለም። ባለፈው የብርድ ወራት፣ ሜየርና ሮስየ ከላሞቹ ጋጣ በላይ በድርቆሹ ውስጥ ተደብቀው ሳሉ፣ እኔና እናታችን እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ሜየር ሊያግዘን ወረደና ጋጣው ውስጥ ማገዶ ፈለጠ። የእሱ ሰንበት ትናንት አልፏል፤ መንደሩም ጸሎት ላይ ነው፤ ማን ይሰማኛል ብሎ ነው። በዚህ መንደር የእሑድ መጥረቢያ ከመድፍ ይልቅ እንደሚሰማ አላሰበም፤ ጥቂት ፈልጦም ወደ ድርቆሹ ተመለሰ።

የሰማው ለጀርመኖች ያደረው ፖሊስ ሬንስ ነው። ከጸሎት ስንመለስ ከሁለት ወታደሮች ጋር ደጃችን ላይ ቆሞ ጠበቀን። «እትዬ መምህርት፣ አንቺም እናትሽም ቤተ ክርስቲያን ነበራችሁ። ታዲያ እንጨቱን የፈለጠው መልአክ ነው?» አለኝ። ከኋላችን ይመጣ የነበረው ሕዝብ ሁሉ ቆመ።

ያን ጊዜ አጥር የምንጋራው ሃርመን ዳውማ እያሳለ ከቤቱ ወጣ። ታሞ ነበር የቀረው። ሃርመን ያኔ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበር፤ ዳቦ ጋጋሪውን ቲመንን፣ እሑድ ምድጃ ለኮስክ ብሎ በጉባኤ ፊት ያስለቀሰው እሱ ነው።

«የፈለጥኩላቸው እኔ ነኝ፤ ምን ይሁን?» አለ።

ሬንስ ሳቀ። «አንተ? በእሑድ?»

«ሰው ሲያረጅ ይበላሻል። አንተ ገና በልጅነትህ ስለተበላሸህ አይገባህም።»

«እስቲ ፍለጥና ልይህ!»

ሃርመን ጥቁር የእሑድ ካፖርቱን እንደለበሰ ጋጣችን ገብቶ መጥረቢያውንና ግንዱን አወጣ፤ በመንደሩ ሁሉ ፊትም ይፈልጥ ጀመር። ቲመን ከሕዝቡ መሀል፣ «አባባ ሃርመን፣ ስትጨርስ ለምድጃዬም ትፈልጥልኛለህ!» ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ወታደሮቹ ቋንቋው ባይገባቸውም የተሳቀው በማን ላይ እንደሆነ ገባቸው፤ ሬንስን ገላምጠውት ሄዱ፤ እሱም ተከተላቸው። ሃርመን ግን የቀረውን እንጨት ጨርሶ ነው የገባው። ምስጢራችንን ያውቅ እንደነበር ያን ቀን ነው የተረዳሁት።

በሳምንቱ ማንም ሳይጠይቀው የሽማግሌነት ወንበሩን ለቆ ከኋላ ተቀመጠ። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ «ሕግ ሕግ ነው፤ ዋሽቻለሁም፤ ነገም ቢመጡ እዋሻለሁ» አለኝ። እስከ ዛሬ እዚያው ከኋላ ነው።

ስለዚህ ቪብረን፣ እኔ አልፈርምም። ፊርማዬን ከፈለግህ መርከብ ተሳፈርና መጥተህ በእናታችን ፊት ጠይቀኝ። የላዩን ክፍል ለእነሱ አስተካክዬዋለሁ፤ ሜየርም የመጠረዣ ጠረጴዛውን በመስኮቱ ሥር አቁሟል።

ለኤልስከ፣ ለትልቁ ልጅህ ለዮሪት፣ ለትንሿ ለአካ ሰላምታዬን ንገርልኝ። እናታችን፣ ብትቆጣህም፣ ትስምሃለች። ሜየርም ሰላም ብሎሃል። ሮስየ ደብዳቤህ መምጣቱን አይታለች፤ ምን እንደሚል ባልነግራትም እንደገና ሻንጣዋን ሸክፋ ከአልጋዋ ሥር አስቀምጣዋለች። «ይቀመጡ» ብለህ በእጅህ ጻፍልኝና ላንብብላት። መልስህን ሳታሳድር ላክልኝ።

እህትህ ባውክየ
ሃሌዋርት፣ ፍሪስላንድ
ሴፕቴምበር 12 ቀን 1945