ለመሬት የተነፋ ጥሩንባ

ሰላም ለነፍስህ ይሁን፣ የታደለ አባት።

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ፋሲካ አለፈ። ቤቱ ደህና ነው። አጥሩ ያው እንደዘመመ ነው፤ ማሳህን ግን ለእኩል አራሽ ሰጠሁት፤ ዘንድሮ ጤፉ ሸጋ ነበር።

አሁን የፀዳ ከተማ ሰው እንቅልፍ አጥቷል። በከተማው ዙሪያ ያለውን እርሻ ለግንባታ ለመውሰድ የሚፈቅድ ረቂቅ አዋጅ ወጣ። ድምፅ የሚሰጥበት ደግሞ ልጅህ ታደለ በገዢው ፓርቲ ስም የገባበት ምክር ቤት ነው። ተመርጦ ሲሄድ ጋቢህን ደርበህለት በኩራት እንደሸኘኸው አልረሳሁም። በዚያው ኩራት የተነሳ ጎረቤት ሰላምታ ያሳጥርብኝ ጀመር።

ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ማለዳ የዕድሩ ጥሩንባ ተነፋ። አዲስ አበባ ያለው ልጄ ሞተ ብዬ ጫማ ሳላደርግ ወጣሁ። ለካ የሞተ ሰው የለም፤ ዕድርተኛው ለመሬቱ ለቅሶ ሊቀመጥ ወስኖ ኖሯል። የዕድሩን ድንኳን ወስደን ከከተማ አስተዳደሩ በር ፊት ተከልነው። ሴቶቹ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ለበስን። ፖሊሶች ዱላ ይዘው ከበቡን። አንተን የተካው የዕድር ዳኛ አያ መሰለ ጠጋ ብሎ፣ ልጅሽ ዛሬ ካሳፈረን ነገ ለቅሶሽን የሚደርስ አታገኚም አለኝ። አንተ ብትኖር ይህን አይደፍርም ነበር። ከዚያ ወዲያ አጠገቤ የተቀመጠ የለም።

ስብሰባው በስልክ ሲተላለፍ ሁሉም አንገቱን አሰገገ። የሚደግፍ ሲባል አዳራሹ በእጅ ተሞላ፤ የታደለ እጅ ግን አልነበረም። የሚቃወም ሲባል ከተቃዋሚዎቹ ጥቂት እጆች ጋር ከገዢው ወገን አንድ እጅ ተነሳ፤ የኛው ልጅ ነው። ኮራሁም፣ ፈራሁም። አዋጁ ጸደቀ። አያ መሰለ መጥቶ ጎኔ ተቀመጠ፤ ይቅርታ ግን አልወጣውም። ወዲያው ፖሊስ ድንኳኑን አስነሳው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የታደለ ስልክ ዝግ ነው። ጓደኞቹ ደህና ነው ይሉኛል፤ የት እንዳለ ስጠይቃቸው ወሬ ይቀይራሉ። ያኔ የራቁኝ ጎረቤቶች አሁን እየመጡ ያጽናኑኛል። ማጽናናታቸው ከኩርፊያቸው ይልቅ ያስፈራኛል፤ ያልሞተ ሰው ይለቀሳል እንዴ?

አንተን አልረሳህም። በሕይወት እስካለሁ ድረስ በቅዳሴው ስምህን ከሙታን ጋር አስጠራለሁ። ባለፈው እሑድ ቄሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የልጅሽንስ ስም ልጥራው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ከሕያዋን ጋር ይጥሩልኝ አልኳቸው።