አባባ፣ ይቀመጡ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ከብርዱ ጋር ታርቋል ወይ? ዘንድሮ ቡናው ቶሎ ቀላ ብለሽኝ ነበርና ለቀማው እንዳያደክምሽ እሰጋለሁ። ሰው ቅጠሪ ብልሽ እንደማትሰሚኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ብያለሁ። እኔ በአካል ደኅና ነኝ፤ የፋብሪካው ሥራም እንዳለ ነው። አባባም አሉ። «አሉ» ማለቴን ግን እንዳለ አትውሰጂው፤ የምጽፍልሽም ስለዚሁ ነው።

ለምን አትደውልም ትዪ ይሆናል። ስልኩን ሳነሣ አባባ ከአጠገቤ ናቸው፤ እሳቸው እየሰሙ ይህን ማለት አልችልም። ፊደል ያስቆጠሩሽ እሳቸው ናቸውና ለማንም ሳታስነብቢ ብቻሽን አንብቢው።

እማ፣ ዋሽቼሻለሁ። «ሐኪሟ እንዳይንቀሳቀሱ ከልክላለች፣ ዘጌ አሁን አይመጡም» ያልሁሽ ሐሰት ነው። እሷ ያለችው ተቃራኒውን ነው። የሳንባቸው በሽታ የቆየ ስለሆነ ጨርሶ አይድንም፤ ግን በየቀኑ ይራመዱ፣ ሲያፍናቸው ቆም ብለው ትንፋሻቸውን ይሰብስቡና ይቀጥሉ፤ ቀን ካልተንቀሳቀሱ ጉልበታቸውም ይከዳቸዋል፣ የሌሊት እንቅልፋቸውም ይጠፋል ነው ያለችው። አባባ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን በጫካው ውስጥ እየተመላለሱ እንደሚውሉ ሲነግሯት ደስ ብሏት ሣቀች። «እንግዲያው ወደ አገርዎ ይመለሱ፤ መድኃኒቱን ሲጨርሱ ብቻ ይምጡ» አለቻቸው። እኔም እሺ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ነቀነቅሁና ወደ ቤቴ ይዣቸው ገባሁ።

መጀመሪያ ሰሞን ሞክሬ ነበር፣ እግዜር ያውቃል። በሐይቁ ዳር፣ በዘንባባው ሥር ይዣቸው ወጣሁ። ጥቂት ሄድ እንዳሉ አንዱን ዘንባባ ተደግፈው ቁና ቁና ሲተነፍሱ አላፊ አግዳሚው ከበበን። አንዲት ሴትዮ ጥምጥማቸውን አየችና «ምነው ልጄ፣ ለባጃጅ የሚሆን አጣሽ? እኒህን የመሰሉ መምህር በእግር ታስኬጃለሽ?» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ባጃጅ ጠርቼ አሳፈርኋቸው፤ ከዚያ ወዲያ ደጅ አላወጣኋቸውም።

ምን ያላደረግሁላቸው ነገር አለ! ውኃው ካሉበት፣ ምግቡ ካሉበት ይመጣል፤ ጫማቸውን እንኳ የማጠልቀው እኔ ነኝ። ሊነሡ ሲሉ «አባባ፣ ይቀመጡ» እላለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ «እንዲህ ያለች ልጅ ይስጠን» ሲል ደረቴን ነፋሁ። አባባ እየመረቁኝ ወንበሩ ላይ ሲያልቁ አላየሁም። አይ፣ አይቻለሁ። ከሥራ ስገባ ተቀምጠው ሲያንቀላፉ አገኛቸዋለሁ፤ ሌሊቱን ደግሞ ትራስ ተደግፈው ቁጭ እንዳሉ ያነጉታል። እንዴት አደሩ ስላቸው «ተመስገን፣ ተኝቻለሁ» ይሉኛል። ሲመጡ ቆም እያሉም ቢሆን ገበያ ድረስ ይዘልቁ የነበሩ ሰው፣ አሁን ከአልጋ ተነሥተው በሩ ጋ ሳያርፉ አይደርሱም።

ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፍቶ ከፋብሪካ ቶሎ ለቀቁን። ግቢ ስገባ አባባ ግድግዳውን ይዘው ይራመዳሉ፤ ጎረቤቴ የብርጓል በርጩማ ይዛ ከኋላ ከኋላቸው ትላለች። እኔን ሲያዩ ቶሎ ብለው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። «አትቆጪ ልጄ፣ ዛሬ ብቻ ነው» አሉኝ። የወለዱኝ አባት ፈሩኝ፣ እማ!

የብርጓል ኋላ ለብቻዬ ነገረችኝ። «የዛሬ ብቻስ አይደለም። አንች ስትወጭ ይነሣሉ፤ የመምጫሽ ሰዓት ሲደርስ ይቀመጣሉ። ‹ለምን አይነግሯትም? ለምንስ አገርዎ አይገቡም?› ብላቸው ‹ሐኪሟ ያለችውን እኔም ሰምቻለሁ፤ የልጄ ቤት ግን ባዶ ነው፣ ሰው ይኑራት ብየ ነው› አሉኝ» አለችኝ። እኔ አስታማሚ ነኝ ስል፣ ለካ ሲያስታምሙኝ የከረሙት እሳቸው ናቸው። እኔም አውቄ ነው ያስቀረኋቸው፤ የሐኪሟን ቃል ረስቼው አይደለም። ያን ዕለት እራት አልበላሁም።

ቅዳሜ በጠዋቱ ጀልባ እልካቸዋለሁ፤ የብርጓል አብራቸው ትመጣለች። አደራሽን፣ ከጀልባ ሲወርዱ ጎረምሶቹ እንሸከማቸው ቢሉ እሺ እንዳትዪ። ዳገቱን በእግራቸው ይውጡ። ሲቆሙ አብረሽ ቁሚ፣ ሲሄዱ ሂጂ። ትንፋሽ ሲያጥራቸው አትደንግጪ፤ በአፋቸው የሚስቡትን መድኃኒት ብቻ አስታውሻቸው። ለኪዳነ ምሕረት ማኅሌት መድረስ ይፈልጋሉና መቆም ቢያቅታቸው ተቀምጠው ያዚሙ። የአገሩ ሰው «ልጅቱን አባቷ ሰለቿት» ቢልም ይበል።

እኔ ከሥራ ስገባ «መጣሽ?» የሚለኝ አይኖርም፤ እለምደዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። «ባለቤቴ ምናሴ ለሥራ ርቆ ሄዷል» ያልሁሽን አባባን አትጠይቂያቸው፤ እንደማይመለስ ያውቃሉና ለእኔ ሲሉ በስተርጅና እንዳይዋሹ።

የኪዳነ ምሕረት ረድኤቷ ከሁለታችሁ አይለይ። ለእሳቸው ትንፋሽ፣ ለአንቺ ጉልበት ትስጥልኝ። እኔንም በጸሎታችሁ አትርሱኝ።

የማትሰሚውን የምትመክርሽ፣
ልጅሽ